እናቴ ሰርጌ ላይ አልቀመጥም አለች

ጥያቄ

ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የእርስዎን ገጽ ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ዕድሜዬ 26 ነው። አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ነው፣ ያደግኩት ግን ዘጌ ነው። እዚህ አንድ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ እይዛለሁ።

እናቴ ዝሆኔ አለባት። ሁለቱም እግሯ ነው፣ ቀኙ ይብሳል። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ እንዲሁ ነች። ቡና ስትለቅምም፣ ጌሾ ስትሸመጥጥም፣ ከሐይቁ ውሃ ስትቀዳም በባዶ እግሯ ነው። የሱቅ ጫማ አይገባላትም። በወር አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ ይነሳባታል። ያን ጊዜ ትንቀጠቀጣለች፤ ብሽሽቷ ላይ ንፍፊት ይወጣባታል፤ ሦስት አራት ቀን ትተኛለች።

ጥር ላይ ላገባ ነው። ሽማግሌዎች የመጡት ባሕር ዳር አጎቴ ቤት ነበር። እናቴ ጓዳ ሆና ነው የሰማቻቸው። አሁን ደግሞ "ሰርግሽ ቀን ከፊት አልቀመጥም፤ ጓዳ ሆኜ ወጥ አማስላለሁ። እግሬን ካዩ ዘሯ ነው ይሉሻል" አለችኝ። ለእጮኛዬ እስካሁን አልነገርኩትም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን የእግሯን ሽታም እፈራለሁ።

በሽታው ይተላለፋል? ልጆቼ ላይ ይመጣል? እስከ ጥር ምን ሊደረግላት ይችላል? ሰርጉ ላይስ ትቀመጥ ብዬ ልለምናት፣ ወይስ ፍላጎቷን ላክብርላት?

ሙሽራዋ፣ ከባሕር ዳር

መልስ

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቴም ያቆመኝ ጓዳው ነው። እናት የልጇን ሽማግሌዎች ከግድግዳ ጀርባ ሆና ሰማች። ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የበሽታውን ነገር እንጨርስ።

ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በመንካት፣ አብሮ በመብላት፣ አንድ መደብ ላይ በመተኛት አይተላለፍም። እባብ ስለረገጡም፣ ምች ስለመታም፣ እርግማን ስላለም አይመጣም። እኔ በጣና ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ስሠራ የብዙ ሰው እግር በእጄ አጥቤያለሁ። አብረውኝ ያጠቡም ነበሩ። አንዳችንም ከታማሚ አልያዘንም።

የሚያመጣው አፈር ነው። ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨው ቀይ አፈር። ይህ አፈር ከፍ ባለና ዝናብ በሚበዛበት አገር ይገኛል። ጣና ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ክረምቱን አንቺው ታውቂዋለሽ። በዚህ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲሄዱ ዓይን የማያያቸው የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ በኩል ይገባሉ። ከእግር ወደ ላይ ፈሳሽ የሚመልሱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ቅንጣቶቹ እነሱን እያስቆጡ ቀስ በቀስ ይዘጓቸዋል። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል፤ ቆዳው ይወፍራል፤ ይሰነጠቃል። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራ ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው ነገሩን ከአፈሩ ጋር አያይዞ ያጠናው። ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ከግሪክኛ "እግር" እና "አቧራ" ከሚሉ ቃላት የመጣ ስም ነው።

በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳለበት ይገመታል። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያስገባው ግን ገና በፈረንጆቹ 2011 ነው። እዚሁ ጎጃም ውስጥ፣ በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች በተደረገ ጥናት፣ 15 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች መካከል 3.3 በመቶው ታመው ተገኝተዋል። ገበያ መሀል ቆመሽ መቶ ሰው ብትቆጥሪ ሦስቱ ማለት ነው። እናትሽ ብቻዋን የሆነች የሚመስላት ሌሎቹም ጓዳ ስለተቀመጡ ነው።

"ዘር ነው" የሚሉት ደግሞ ከሜዳ ተነስተው አይደለም። ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ሲታመም ያያሉ። ያዩት እውነት ነው። የታማሚ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ገደማ እንደሆነ ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ለዚያ ቅንጣት ሰውነታቸው ቶሎ የሚቆጣ ሰዎች አሉ፤ ይህ ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። በሽታው ግን አፈሩን ካላገኘ አይነሳም። ልጆችሽ ድክ ድክ ማለት ከጀመሩበት ቀን አንስቶ ጫማ ያድርጉ፤ እግራቸውን በየቀኑ በሳሙና ይታጠቡ። በቃ፣ ይኸው ነው። የአያታቸው እግር እነሱ ላይ አይደገምም።

አንቺም ራስሽን እዪ። ዘጌ ያደግሽው በባዶ እግርሽ ከሆነ ማለቴ ነው። የእግርሽ ጣቶች አካባቢ የሚያሳክክሽ፣ ማታ ማታ እግርሽን የሚያቃጥልሽ፣ ወደ ምሽት እብጥ የሚልብሽ ከሆነ ቶሎ ታዪ። ከጅምሩ ከተያዘ እብጠቱ መመለስ ይችላል።

አሁን ስለ ሽታው። አታፍሪ። እኔ ከአንቺ የባሰ አድርጌያለሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ ያለች አንዲት ጤና ጣቢያ ተመድቤ ነበር። አንዲት ሴት ገቡ። እግራቸውን በጋቢ ሸፍነዋል። ወንበር ስሰጣቸው እምቢ ብለው በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ። ጋቢውን ገለጥ ሲያደርጉት ሽታው ክፍሉን ሞላው። እኔ ተነሳሁና መስኮቱን ከፈትኩ። እግራቸውን ሳልነካ የሕመም ማስታገሻ ጽፌ ሰጠኋቸው። ሁለት ክረምት አልተመለሱም። በሦስተኛው ትኩሳት ሲያንዘፈዝፋቸው በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው። ሲሻላቸው "ለምን ጠፉ?" አልኳቸው። "መስኮቱን ስትከፍቺው ገባኝ" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

በማግስቱ ሳፋ አምጥቼ ፊታቸው ተንበረከክሁ። የመጀመሪያው ውሃ ቡና መሰለ። በጣቶቻቸው መካከል ቆዳው ተላልጦ ነጭ ሆኗል፤ አፈርና የገለባ ስባሪ ተሰንቅሮበታል። ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነበር። በጨርቅ ጫፍ አንድ በአንድ አጸዳሁት። ውሃውን አራት ጊዜ ቀየርኩ። አራተኛው ጠራ ብሎ ቀረ። እሳቸው እግራቸውን እንጂ እኔን አያዩም ነበር። "ሰው ነክቶኝ አያውቅም" አሉ። በየቀኑ እየታጠቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሽታው ጠፋ።

ይህን የምነግርሽ እንድታውቂ ነው። ሽታው የእናትሽ አይደለም። በተሰነጠቀ ቆዳ ውስጥ የሚራባ ተህዋስ ነው። በውሃና በሳሙና ይሄዳል፤ እስከ ጥር መሄድ ብቻ ሳይሆን ይረሳል።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። እግር የሚያሳብጥ ሌላም አለ። ልብም፣ ኩላሊትም ሊሆን ይችላል። በቆላ አካባቢ በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ ዓይነት ዝሆኔም አለ። ሐኪም ይለየው። እግሩ ላይ እንደ ኪንታሮት የወጡ ትልልቅ እብጠቶች ካሏትና ጫማ የሚከለክሏት እነሱ ከሆኑ በቀዶ ሕክምና የሚነሱበት ጊዜ አለ፤ ያንንም ጠይቂ።

ከዚያ ሰፊ ሳፋ ግዢላት፤ እብጠቱን የሚይዝ ይሁን። በየቀኑ ማታ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ትታጠብ። ትኩስ ውሃ አይሁን። እያንዳንዱ እጥፋት፣ እያንዳንዱ የጣት መሀል ይዳሰስ። ቆዳው እንዳይላጥ ቀስ ብሎ ነው። ቀጥሎ ትንሽ በረኪና ጠብ የተደረገበት ውሃ ውስጥ 15 ወይም 20 ደቂቃ ትዘፍዝፈው። በረኪናው ልክ አለው። በጣም የቀጠነ መሆን አለበት፤ ልኩን የጤና ባለሙያ ያሳይሽ፣ በግምት አትጨምሪ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቸኩላል። የጣት መሀል እርጥብ ከቀረ የታጠበው ሁሉ ከንቱ ነው። አሮጌ ነጠላ ቀድደሽ በጣቶቿ መካከል አስገቢ፤ እስኪደርቅ አትልቀቂ። መጨረሻ ላይ ቫዝሊን በስሱ ትቀባ። ጣቶቿ መሀል ፈንገስ ካለ ሐኪሙ ሌላ ቅባት ያዝላታል።

ስትቀመጥ እግሯን በርጩማ ላይ ታድርግ። ስትተኛም ከእግርጌ ትራስ ይግባላት። ቁርጭምጭሚቷን ታንቀሳቅስ። እብጠቷ ለስላሳ ከሆነ በፋሻ መጠቅለል ይረዳታል፤ አጠቃለሉን ግን ያሳዩሽ።

"ጸበልስ?" ትዪ ይሆናል። ትጠመቅ። ጸበሉ አይጎዳትም፤ የሚጎዳት ጸበሉ ዘንድ በባዶ እግር የሚኬደው ቀይ መንገድ ነው። ጫማ አድርጋ ትሂድ፤ ስትመለስ እግሯን ታድርቅ። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ንጹሕ ካልሲ ታድርግ።

ስለሚነሳባት ነገር ትንሽ ልቆይ። ሰው ዝሆኔ ሲባል እብጠቱን ነው የሚያየው። ታማሚውን የሚያደኸየው ግን ያ ትኩሳት ነው። ለቀማ ሲደርስ ትተኛለች፤ ገበያ ቀን ትተኛለች። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ታማሚዎችን ለ12 ወር የተከታተለ ጥናት ነበር፤ ውጤቱ በፈረንጆቹ 2018 ወጣ። ግማሾቹ አሁን የነገርኩሽን ዓይነት እጥበትና ጫማ ወዲያው ጀመሩ፤ ግማሾቹ ቆይተው ነው የጀመሩት። የጀመሩት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ ያልጀመሩት 23.9 ጊዜ ተነስቶባቸዋል። ሁለቱም ቁጥር ያማል። ልዩነቱ ግን በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ከአልጋ መቅረት ነው። ለዚያ ያስፈለገው ደግሞ ሳሙና፣ ውሃ፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ ነው።

ሲነሳባት ትተኛ፤ እግሯን ከፍ ታድርግ፤ ብዙ ውሃ ትጠጣ፤ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ አድርጉላት። ትኩሳቱ ካልበረደ ጤና ጣቢያ ውሰጃት፤ መድኃኒት ያስፈልጋት ይሆናል። በምላጭ ማስበጣት ግን በፍጹም። ተበጥተው መግል የያዙ ስንት እግሮች አይቻለሁ።

ጫማውን ዛሬ አታሠሪ። ከስድስት ሰባት ሳምንት እጥበት በኋላ እብጠቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ይለካ። ካርቶን መሬት ላይ አንጥፊና እግሯን አሳርፊበት፤ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪ። የሁለቱንም ለየብቻ። በክርም የውፍረቱን ዙሪያ ለኪ። ማታ ይሁን፤ እግር የሚያብጠው ማታ ነው። ካርቶኑንና ክሩን ይዘሽ ባሕር ዳር ገበያ ጫማ ሰፊዎቹ ጋ ሂጂ። ፊቱ ሰፊ፣ ከላይ የሚከፈትና በማሰሪያ የሚጠብቅ፣ ውስጡ ስፌት የማይቆረቁር ይሁን። ዙሪያውን ይሸፍን፤ ክፍት ሰንደል አፈር ያስገባል። አሮጌ እብጠት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። እግሯ እንደ ልጅነቷ አይሆንም። ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ሕመሙ የቀነሰ፣ ጫማ የገባለት እግር ግን ይሆናል።

ለእጮኛሽ ከዚህ ሳምንት አታሳልፊው። ከሰርግ በፊት ከአንቺ አፍ ይስማ። ከሌላ ሰው ከሰማ በሽታውን ሳይሆን መደበቅሽን ነው የሚያስታውሰው። ነገሩን አታስረዝሚው። "እናቴ ዝሆኔ አለባት። ከአፈር የሚመጣ ነው፣ አይተላለፍም። ልጆቻችን ጫማ ካደረጉ አይይዛቸውም። ቅዳሜ አብረን ዘጌ ሄደን እንያት።" ከዚያ ጀልባ ይዛችሁ ሂዱ። ቤቷ ገብቶ ቡናዋን ይጠጣ። ጥያቄ ካለው ሐኪም ዘንድ አብራችሁ ሂዱ። የእሱን እናት ለማሳመን ካንቺ ይልቅ እሱ ይቀርባል፤ ያን ሥራ ለእሱ ተዪለት።

አሁን ወደ ጓዳው። "ፍላጎቷን ላክብርላት ወይ?" አልሽኝ። ጓዳ መቀመጥ ፍላጎቷ አይመስለኝም። ፍላጎቷ አንቺ ያለ ሐሜት እንድትዳሪ ነው። እኔ እንደማስበው ወንበሩንም አልፈራችውም። የፈራችው ጉልበት መሳሙን ነው። ሙሽሮቹ ጎንበስ ሲሉ፣ የሰው ዓይን ሁሉ እግሯ ላይ ሲያርፍ፣ አማቿ ፊቱን ከእግሯ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሲያደርግ ይታያታል። ሽታው ይመጣ ይሆን ብላ ሌሊት ታስባለች። ስለዚህ አትለምኛት። ለማኝ ሲበዛባት እምቢታዋ ይጠነክራል። እግሯን እጠቢላት። በየሳምንቱ ቅዳሜ ሂጂና አንቺ ራስሽ እጠቢላት፤ ሌላውን ቀን ራሷ ትጠብ። ስታጥቢላት ስለ ሰርጉ አታንሺ፤ ሌላ ሌላውን አውሩ። ታኅሣሥ ላይ ጫማውን ስታደርግና ከቤት እስከ ደጅ ስትራመድ ያኔ ጠይቂያት። ረጅም የሐበሻ ቀሚስ ይሰፋላት፤ እግሯን መሸፈን ከፈለገች ትሸፍን፣ መብቷ ነው። እሱም ቀድሞ ዘጌ ሄዶ ጉልበቷን ስሞ ከሆነ፣ ሰርጉ ቀን የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ሁለተኛው አያስፈራትም።

ያም ሆኖ እምቢ ካለችሽ፣ ከሠርገኛው ሁሉ በፊት ጠዋት ጓዳ ገብታችሁ ጉልበቷን ሳሙ። ምርቃቷን ከዚያ ተቀበሉ።

ጥያቄ

ሲስተር፣ ባሕር ዳር ዙሪያ ወረዳ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አባቱ ዝሆኔ አለበት። የልጁም እግር ማበጥ ጀምሯል። ልጆቹ አብረውት መቀመጥ አልፈለጉም፤ አንድ ወላጅም ለብቻው እንዳደርገው ጠይቀውኛል። ምን ላድርግ?

መልስ

መምህር፣ ለብቻው እንዳያደርጉት። አይተላለፍም፤ ለወላጁም ይህንኑ ይንገሯቸው፤ ከፈለጉ ይህን ገጽ ያሳዩዋቸው። ለብቻው ከተቀመጠ በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱን ይተዋል፤ እንዲህ የተዉ ልጆች አውቃለሁ።

ይህ ልጅ ከላይ ከጻፍኩላቸው እናት የተሻለ ዕድል አለው። ገና መጀመሩ ነው። በዚህ ሳምንት ከቤተሰቡ ጋር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ዙሪያውን የሚዘጋ ጫማና ሁለት ካልሲ ያስፈልገዋል። የሸራ ጫማ ይበቃዋል። ኮንጎ ጫማም ቢሆን ከባዶ እግር ይሻላል፤ ግን አፈር ስለሚያስገባ ማታ ማታ መታጠቡ አይቀርም። ቤተሰቡ ካልቻለ መምህራን አዋጥታችሁ ግዙለት፤ ሲሰጡት ግን ክፍል ፊት አይሁን።

የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ አጠገብ አንድ ሳፋና ሳሙና ያስቀምጡ። ከእረፍት ሲመለሱ በባዶ እግር የመጡት ሁሉ እግራቸውን ይታጠቡ። እሱ ብቻ ሳይሆን ሁሉም። በዚያ አፈር ላይ የሚሮጡት ሁሉም ናቸውና።

የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ደግሞ ለአንድ ሳምንት እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው ደብተር ያርሙ።